ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ስለ አንጀት ቀዶ ሕክምናና መድኃኒት ስለሚሰጥበት ሰዓት

(ይህ ጽሑፍ በጅማ በተማሪዎችና በመምህራን ስብሰባ ላይ ያሰማነው ንግግር ነው። በጋዜጣችን እንዲወጣ ስለተጠየቅን፣ ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ዋና ዋናዎቹን በየቦታቸው አግብተን አቅርበነዋል።)




በዚህ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ ስለ ትልልቅ ጉዳይ ሲነገር ሰምተናል። ስለ አገር ልማት፣ ስለ ትምህርት መስፋፋት፣ ስለ ቡና ዋጋም ተነግሯል። እኛ ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ ግን ስለ ውሻ አንጀት ነው። ከመካከላችሁ ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ እናያለን፤ አንቀየምም። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁን ግን፣ ነገሩ ከውሻ አልፎ ወደ እናንተው እናትና ወንድም ደጃፍ እንደሚደርስ እናሳያችኋለን።

በአገራችን የውሻ ስም ለስድብ እንጂ ለክብር ሲነሣ ብዙ አይሰማም። ነገር ግን ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት፣ ወደ ሰቃ፣ ወደ ሸቤና ወደ ሰርቦ በሚወስዱት መንገዶች የተመላለሰ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የገበሬው በቆሎ ከዝንጀሮና ከከርከሮ፣ ግልገሉ ከጅብ፣ በደጅ የተሰጣው ቡናው ከሌባ የሚጠበቀው በውሻ ነው። ደመወዝ የማይቀበል፣ በዓል የማያከብር፣ የተረፈ በልቶ የሚያድር ዘበኛ ማለት እርሱ ነው። እንግዲህ ይህ የተረፈ መብላቱ ነው ወደ ዛሬው ጉዳያችን የሚያመጣን። በቆሎ በሚደርስበት ወራት ቆረቆንዳው በየደጁ ይጣላል፤ ቅቤ ወይም ወጥ የነካው ቆረቆንዳ ደግሞ ለራበው ውሻ ሥጋ ሆኖ ይታየዋል። ሳያኝክ ይውጠዋል። ቆረቆንዳ በሆድ ውስጥ አይፈጭም፤ ቀጭኑ አንጀት ላይ ሲደርስ እንደ ውታፍ ይወተፋል።

ነገራችንን ከራሳችን ስሕተት እንጀምራለን። በመጽሐፍ የተማርነውን በእጃችን የተማርነው በዚያ ነውና።

ለልምምድ በተመደብንበት በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ ሳለን፣ ከአጋሮ ወዲያ የሚኖሩ አንድ ሸምገል ያሉ የቡና ገበሬ ውሻቸውን በማዳበሪያ ከረጢት አስተኝተው በባጃጅ ይዘውት መጡ። የውሻው ስም መቻል ይባላል። ምግብ ከተወ 6 ቀን ሆኖታል፤ ውሃ ቢጠጣም ወዲያው ያስመልሰዋል፤ ጎኑ ሟሽሾ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ሆዱን ስንዳብስ ጠንካራ ነገር በእጃችን ገባ። መምህራችን መርምረው፣ ሆዱ መከፈት እንዳለበት ተናግረው፣ በእርሳቸው ተቆጣጣሪነት ሥራውን ለእኛ ሰጡን።

ሆዱ ሲከፈት እንደተጠበቀው ቆረቆንዳ ተገኘ። በዙሪያው ያለው አንጀት ጠቁሮ ነበርና ያን ቆርጠን አወጣን፤ የቀሩትን ሁለት ጫፎችም አገጣጥመን ሰፋን። የመጨረሻውን ስፌት ስንቋጥር እጅግ ደስ አለን። ከመካከላችን አንዱ፣ «አንቲባዮቲኩስ?» ብሎ የጠየቀው ቆዳው ከተዘጋ በኋላ ነው። ከመቅደዳችን በፊት ልንሰጠው የሚገባንን መርፌ በጥድፊያ ረስተነው ኖሯል። ወዲያው ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን የተቀላቀለበትን ወጋነው፤ ለ5 ቀንም በየቀኑ እንዲደገም አዘዝን። በልባችንም፣ «5 ቀን ሙሉ ከሰጠነው የረሳነው ይካካሳል» አልን።

መቻል ሁለት ቀን ደኅና ሆኖ ሰነበተ። ጅራቱን ወዘወዘ፤ ውሃ ጠጣ። በ4ኛው ቀን ጧት ተኝቶ አገኘነው፤ ሆዱ ተነፍቶ፣ ድዱ ነጥቶ፣ ትንፋሹ ፈጥኖ ነበር። እንደገና ልንከፍተው ስንዘጋጅ ሞተ። ባለቤቱ መጡና ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ መርፌውን ወግታችሁት አልነበረም?» ብለው ጠየቁን። «ወግተነዋል፣ አባባ» አልናቸው። ውሸት አልነበረም። እውነቱ ግን ሙሉ አልነበረም።

ከሞተ በኋላ ሆዱን ከፍተን አየነው። ክሩ አልተበጠሰም፤ ቋጠሮውም አልተፈታም። የተቀደደው ክሩ የያዘው ሥጋ ነው። አንጀቱን ላለማሳጠር ብለን ከጠቆረው ክፍል አጠገብ አስጠግተን ስለ ሰፋን፣ ስፌታችን ያረፈው ሊሞት በተቃረበ ሥጋ ላይ ነበር። በዚያ ቀዳዳ የአንጀቱ ፍሳሽ ወደ ሆድ ዕቃው ፈሰሰ፤ ሆድ ዕቃውም ተመረዘ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጥያቄዎች አልለቀቁንም። የመጀመሪያው፣ አንቲባዮቲክ ለአንጀት ስፌት መዳን የሚረዳው በምን መንገድና በየትኛው ሰዓት ነው? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ የማይረዳውስ እስከ ምን ድረስ ነው? የሚል ነው። የዛሬው ንግግራችን በእነዚህ በሁለቱ ይከፈላል።

አስቀድሞ ግን አንጀት ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። የአንጀት ግድግዳ አራት ድርብ አለው። ከውስጥ ምግቡን የሚነካው ልስልስ ሽፋን፣ ከእርሱ ሥር ጅማታም የሆነ ስስ ድርብ፣ ቀጥሎ ጡንቻ፣ ከውጭ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ስስ ልባስ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ክር የሚይዘው የትኛው ነው? ብለው ብዙ ሐኪሞች ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1826 ሌምበርት የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም፣ የውጩ ልባስ ከውጩ ልባስ ጋር ሲጋጠም ቶሎ እንደሚጣበቅ አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1887 ደግሞ ዊልያም ሐልስቴድ የተባለው አሜሪካዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም በውሾች ላይ ሠርቶ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ጥንካሬው ያለው ከልስልሱ ሽፋን ሥር በሚገኘው ጅማታም ድርብ መሆኑን አረጋገጠ። መርፌው ይህን ድርብ ካልያዘ ስፌቱ እንደ እርጥብ ወረቀት ይቀደዳል።

ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባውም። የበገና አውታር ከበግ አንጀት እንደሚሠራ እናውቃለን። ሠሪው ልስልሱን ፍቆ፣ ሥጋውን ገፎ፣ ጅማታሙን ድርብ ብቻ አስቀርቶ ያከረዋል፤ ዓመት ሙሉ ቢመታም አይበጠስም። የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ሲሰፉበት የኖሩት ካትገት የተባለው ክርም የሚሠራው ከበግ አንጀት ከዚያው ድርብ ነው። በገና ሠሪው በእጁ የሚያውቀውን ሐልስቴድ በውሻ አንጀት ላይ አገኘው ማለት ነው።

የተሰፋ አንጀት በአንድ ቀን አይድንም። በመጀመሪያዎቹ 3 እና 4 ቀናት ጥንካሬው ሁሉ የክሩ ነው፤ ሥጋው ገና አልተያያዘም። እንዲያውም በዚህ ጊዜ ሰውነት የተጎዳውን አሮጌ ሥጋ ለማጽዳት ሲል የስፌቱን ጠርዝ ያሟሟዋል፤ ስለዚህ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ያለው ጊዜ ከሁሉ የደከመበት ነው። መቻል የሞተበት ቀን ከዚህ ውስጥ መሆኑን ልብ በሉ። ከዚያ በኋላ አዲስ ጅማት እየተሠራ ይሄዳል፤ በ14ኛው ቀን ገደማ አንጀቱ ከቀድሞ ጥንካሬው አብዛኛውን ይመልሳል።

አሁን ወደ ጀርሞቹ እንመለስ። የአንጀት ቀዶ ሕክምና ከሌላው የሚለየው ጠላቱ ከውጭ የማይመጣ፣ በቤቱ ውስጥ የሚኖር በመሆኑ ነው። በላይኛው ቀጭን አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በአንጻሩ ጥቂት ናቸው፤ ወደ ታች በተወረደ መጠን እየበዙ ሄደው፣ በትልቁ አንጀት በአንድ ግራም ዐይነ ምድር ውስጥ እስከ 100 ቢሊዮን ይደርሳሉ። ስለዚህ የላይኛውን አንጀት የሰፋና የታችኛውን የሰፋ ሐኪም አንድ ዐይነት ሥጋት የለባቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ኤድጋር ፖዝ የተባለ የቴክሳስ ሐኪም፣ በአንጀት ውስጥ ብቻ የሚቀሩ የሰልፋ መድኃኒቶችን ለውሾች እየሰጠ የትልቁን አንጀት ጀርሞች ለመቀነስ ሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1955 ኮን እና ራይቭስ የተባሉት የኒው ኦርሊንስ ሐኪሞች ከዚህ የከረረ ፈተና አቀረቡ። በውሾች ትልቅ አንጀት ላይ፣ በስፌቱ አጠገብ ያለውን ክፍል ሆን ብለው ደም አሳጡት፤ ከዚያም ለግማሾቹ አንቲባዮቲክ በቀጭን ቱቦ በአንጀቱ ውስጥ አፈሰሱላቸው። መድኃኒቱን ካላገኙት አብዛኞቹ አንጀታቸው በስብሶ ሲሞቱ፣ ካገኙት አብዛኞቹ ዳኑ። የዚህ ፍሬ ነገር ትልቅ ነው። ደም ያነሰው ሥጋ የሚሞተው በደም ማነስ ብቻ ሳይሆን፣ በድካሙ ጊዜ ጀርሞቹ ስለሚበሉት ጭምር መሆኑ ታወቀ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህም፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ኢንቴሮኮከስ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ የስፌቱን ጅማት የሚያሟሟ ንጥረ ነገር እንደሚያመነጭ አሳይቷል።

ይህን ስንሰማ እኛም እንደ ብዙዎቹ፣ «እንግዲያውስ ብዙ መስጠት ነው» ለማለት ተጣድፈን ነበር። ነገር ግን መልሱ ያለው በብዛቱ ላይ አይደለም፤ በሰዓቱ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1961 ጆን በርክ የተባለው የቦስተን ሐኪም፣ ጊኒ ፒግ በሚባሉ ትንንሽ እንስሳት ቆዳ ውስጥ ጀርም እየከተተ፣ አንቲባዮቲኩን ለአንዳንዶቹ አስቀድሞ፣ ለአንዳንዶቹ በዚያው ሰዓት፣ ለሌሎቹም እያዘገየ ሰጠ። መድኃኒቱ አስቀድሞ በደም ውስጥ ሲገኝ፣ ጀርሙ ከሞተ ጀርም የበለጠ ጉዳት ሳያደርስ ቀረ። በዘገየ ቁጥር ጥቅሙ እየቀነሰ ሄደ፤ 3 ሰዓት ካለፈው በኋላ ግን መድኃኒቱን መስጠትና አለመስጠት አንድ ሆነ። ምክንያቱን ለማስረዳት አያዳግትም። በተቀደደው ሥጋ ጠርዝ ላይ ደም ይረጋል፤ ሥጋው ያብጣል፤ ጀርሙም በረጋው ደም ውስጥ ይሸሸጋል። ዘግይቶ የመጣው መድኃኒት በደም ሥር ቢዞርም ወደዚያ ምሽግ የሚገባበት በር ተዘግቶበታል።

አባቶቻችን ይህን በአራት ቃል ጨርሰውት ነበር ለማለት ይቻላል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። እኛ ለመቻል የወጋነው መርፌ ጅብ ከሄደ በኋላ የጮኸ ውሻ ነበር። በማደንዘዣው ወረቀት ላይ እንዳየነው፣ ቆዳው የተቀደደው ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ ነው፤ መርፌው የተወጋው 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ሦስቱ ሰዓት ልክ አለቀች።

በሰው ላይም ያው ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ በሶልት ሌክ ከተማ በ2,847 የቀዶ ሕክምና ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። ቁስሉ ከመቀደዱ በፊት ባሉት 2 ሰዓታት ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት መካከል ቁስላቸው ያመረቀዘባቸው ከመቶ 0.6 ብቻ ናቸው። ከዚያ ቀደም ብለው ያገኙት ከመቶ 3.8፣ ከተቀደደ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ያገኙት ደግሞ ከመቶ 3.3 ሆኑ። እጅግ መቅደምም እንደ መዘግየት ያህል ይጎዳል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ መከላከያው መድኃኒት ከመቀደዱ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ እንዲሰጥ፣ ቀዶው ካለቀ በኋላም ለመከላከል ተብሎ እንዳይቀጠል መክሯል።

ለውሻ የተለመደው ሴፋዞሊን ነው። መጠኑም በአንድ ኪሎ ክብደት 22 ሚሊግራም ሆኖ፣ ከመቀደዱ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ በደም ሥር ይሰጣል፤ ሥራው ከረዘመ በየ90 ደቂቃው ይደገማል። ሥራው በትልቁ አንጀት ላይ ከሆነ አየር የማይወዱትን ባክቴሪያዎች የሚገድል እንደ ሜትሮኒዳዞል ያለ መድኃኒት ይጨመራል።

በዚህ ላይ አንድ የሕክምና ተማሪ ወንድማችን፣ «በየሆስፒታሉ ሴፍትሪያክሶን ሞልቶ ሳለ ለምን እርሱን አትሰጡም?» ብሎ ጠይቆን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሴፍትሪያክሶን በሰው ደም ውስጥ ግማሹ እስኪወገድ ድረስ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ገደማ ይቆያል፤ በውሻ ግን በ1 ሰዓት ገደማ ይቀንሳል። ለሰው የተሠራውን የሰዓት ሠንጠረዥ ለውሻ መገልበጥ አይቻልም። ከዚህም በላይ የዓለም ጤና ድርጅት ሴፍትሪያክሶንን በጥንቃቄ እንዲሰጥ ከሚጠበቁት መድኃኒቶች መካከል መድቦታል፤ ሴፋዞሊንን ግን በቀላሉ ሊገኝ ከሚገባው ወገን አድርጎታል። ለመከላከል የሚበቃው ትንሹ እያለ ትልቁን ማባከን፣ አይጥ ለመግደል ጠመንጃ መተኮስ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። መድኃኒቱ በሰዓቱ ቢሰጥ ኖሮ መቻል ይድን ነበርን? እንደ እውነቱ ከሆነ፣ ይድን ነበር ብለን በድፍረት ለመናገር አንችልም። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የታተመ፣ አንጀታቸው ተቆርጦ የተሰፋላቸውን 115 ውሾችና ድመቶች የተመለከተ ጥናት፣ በውሾች ስፌት እንዲያፈስ የሚያደርጉ ሦስት ነገሮችን ለይቷል። እነርሱም ከቀዶው በፊት ሆድ ዕቃው ተመርዞ መገኘቱ፣ በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን በዴሲሊትር 2.5 ግራምና ከዚያ በታች መሆኑ፣ አንጀቱን የዘጋውም ባዕድ ነገር መሆኑ ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ በአንድነት የተገኙበት ውሻ ሥጋቱ ከባድ ነው። መቻል ባዕድ ነገር ነበረበት፤ 6 ቀን ጾሞ የከሳ ውሻ አልቡሚኑ ዝቅ ብሎ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ሲገባን አልመረመርንለትም። በዚያ ላይ ሊሞት በተቃረበ ሥጋ ላይ ሰፋንለት። በዓለም ላይ ያለ አንቲባዮቲክ ሁሉ ቢሰበሰብ የሞተን ሥጋ ሊያስነሣ አይችልም።

ስለዚህ የአንጀት ስፌት የሚድነው አስቀድሞ በሐኪሙ እጅ ነው። ጠርዙ ደም እስኪያዝ ድረስ ወደ ጤናማው ሥጋ መቁረጥ፤ ጅማታሙን ድርብ መያዝ፤ ከጠርዙ 3 ሚሊሜትር ያህል ገባ ብሎ መስፋት፤ አንጀቱ ሳይወጠር መገጣጠም፤ ከዚያም ንጹሕ የጨው ውሃ በመርፌ አስገብቶ ማፍሰስ አለማፍሰሱን መመልከት፤ በመጨረሻም ስፌቱን በሞራ ማልበስ ነው። ሞራን እኛ የምናውቀው ከበግና ከበሬ ሆድ ነው። በሕያው ውሻ ሆድ ውስጥ ግን ደም ይዞ ወደ ስፌቱ ይቀርባል፤ ትንሽ ቀዳዳም ቢኖር ይደፍነዋል። አንቲባዮቲክ የዚህ ሁሉ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም።

ደግሞም አንድ ልዩነት እንዳይዘነጋ እንለምናለን። ሆድ ዕቃው ቀድሞ የተመረዘ እንስሳ ወይም ሰው ሲመጣ የሚሰጠው መድኃኒት ሕክምና ነው፤ በዚያ ጊዜ ለቀናት መቀጠሉ ተገቢ ነው። እኛ አይቀጠል የምንለው ለመከላከል ብቻ የሚሰጠውን ነው። እነዚህን ሁለቱን መቀላቀል ወይ በሽተኛውን ይገድላል፣ ወይ መድኃኒቱን ያባክናል።

ከመምህራኖቻችን አንዱ በስብሰባው ላይ ያቀረቡት ተቃውሞ ነበር። «ይህ ሁሉ ውሃው በማይቋረጥበት፣ ጓንትና መጋረጃው በሞላበት አገር የተጻፈ ነው። እኛ ጋ መብራት በመሐል ይጠፋል፤ ክሊኒኩ በገበያ አጠገብ ነው፤ አቧራው ይገባል። ለ5 ቀን መስጠታችን ፈርተን እንጂ ሳናውቅ አይደለም» አሉ። ፍርሃቱን እኛም ቀምሰነዋል። ነገር ግን ያልታጠበ እጅ ያስገባውን ጀርም የ5 ቀን መርፌ እንደማያወጣው የበርክ ሥራ አሳይቶናል። የጎደለን ንጽሕና ከሆነ የሚታከመው በሳሙና፣ በፈላ ውሃና ዕቃን በመቀቀል ነው። ከተቀደደ በኋላ የሚሰጠው መርፌ ፍርሃታችንን እንጂ ቁስሉን አያድንም።

የማያስፈልገው መርፌም ያለ ዋጋ አይቀርም። በቡና ከተሞቻችን በገበያ ቀን የሚሆነውን ሁላችሁም አይታችኋል። ኦክሲቴትራሳይክሊን ለላሟም፣ ለበቅሎውም፣ ለውሻውም ይገዛል፤ ጥቂት ተሰጥቶ ሲሻለው የተረፈው ለሌላ ቀን ይቀመጣል። ጀርሙ ግን ያልጨረሰውን መድኃኒት ይለምደዋል። የለመደው ጀርም ደግሞ በውሻው ላይ አይቀርም። ውሻው በደጅ ከልጆች ጋር ይጫወታል፤ እናት የበረቱን ፍግ በእጇ ትዝቃለች፤ በዚያው እጅ ሕፃኗን ታቅፋለች። ለመቻል ያለ ጥቅም የሰጠነው መርፌ፣ በዚያ ቤት ያሉትን ጀርሞች ከማስተማር በቀር የሠራው ሥራ የለም።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ወደ ሰው የሚሻገረው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በወሊድ ምክንያት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን እናቶች የተመለከተ ጥናት፣ ከመቶ 11.4 በሚሆኑት ላይ ቁስሉ ማመርቀዙን ገልጿል። ይህን ጥናት ጽፈው በግልጽ ያሳተሙትን እናመሰግናለን፤ ያልተቆጠረ በሽታ አይታከምምና። ከጌራ ወይም ከሊሙ በአልጋ ተሸክመው ያመጧት እናት ቁስሏ ቢያመረቅዝ፣ የቡና ለቀማው ጊዜ ያልፋታል፤ ባሏም አጠገቧ ተቀምጦ ይሰነብታል፤ ለመድኃኒት ሲባል ገና ያልተለቀመው ቡና ይሸጣል። የመከላከያው መርፌ በሰዓቱ ቢደርስላት ከዚህ ጥቂቱን እንኳ ይቀንስላት ነበር።

በዚህ ከተማ እኛ ከሌላው ይልቅ ዕድለኞች ነን። የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1952 ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን እርዳታ ተከፈተ። የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም እ.ኤ.አ. በ1983 ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለቱ ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የእንስሳት ሐኪምና የሰው ሐኪም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ስም እንዲመረቁ የሆነው ስለዚህ ነው። ታዲያ በስም የተዋሐድነውን ያህል በሥራ ተዋሕደናልን? ውሻው ያስተማረንን ለሰው ሐኪም ወንድሞቻችን ሳንነግር፣ እነርሱም ስለ እናቶቹ የቆጠሩትን ሳያካፍሉን ስንት ዓመት አለፈ?

ከመቻል ሞት ጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ ልጅ ከጅማ ከተማ ከሄርማታ ሰፈር አንዲት ቡችላ ታቅፎ መጣ። በሆዷ ትል በዝቶባት አንጀቷ በአንጀቷ ውስጥ ገብቶ ተሰግስጎ ነበር። በዚህ ጊዜ ሴፋዞሊኑን ሁለት መድኃኒት ቤት ዞረን በሦስተኛው አግኝተን፣ ከመቅደዳችን 40 ደቂቃ አስቀድመን ሰጠናት፤ ሥራው ስለ ረዘመ በ90ኛው ደቂቃ አንድ ጊዜ ደገምን። ከዚያ በኋላ ምንም አልሰጠንም። ጠርዙ ቀይ ደም እስኪያሳየን ድረስ ቆረጥን፤ በጨው ውሃ ፈተንን፤ ሞራ አለበስን። በማግሥቱ ለስላሳ ምግብ ቀመሰች። በ3ኛው፣ በ4ኛውና በ5ኛው ቀን እንቅልፍ አልነበረንም፤ በየሌሊቱ ተራ ገብተን ሙቀቷን ለካን። በ14ኛው ቀን የቆዳዋን ስፌት ፈታን፤ ልጁም በመጣበት አኳኋን ታቅፏት ሄደ።

አንዲት ቡችላ ማስረጃ አትሆንም፤ ይህን የምናውቀው እኛ ነን። ምናልባት ያለ መድኃኒቱም ትድን ነበር። ምናልባትም ያዳናት ቀዩ ጠርዝ ነው። ለዚህ ነው አሁን የምናቀርበው ሐሳብ ከአንድ ታሪክ ይልቅ በመዝገብ ላይ እንዲቆም የምንፈልገው።

ሐሳባችንም ሦስት ነው። አንደኛ፣ በየቀዶ ሕክምናው ክፍል ግድግዳ ላይ የሚሠራ ሰዓት ይሰቀል፤ በመዝገቡም ላይ የመድኃኒቱ ስም ብቻ ሳይሆን የተሰጠበት ሰዓትና የተቀደደበት ሰዓት ጎን ለጎን ይጻፍ። በመቻል መዝገብ ላይ ያለው የመድኃኒቱ ስም ብቻ ነው፤ መዝገቡን ብቻ ያየ ሰው ሥራችን ያለ ነቀፋ እንደ ነበር ያምናል። ሁለተኛ፣ የእንስሳት ሕክምናና የሰው ሕክምና ተማሪዎች በወር አንድ ጊዜ ተገናኝተን፣ የዳኑትን ሳይሆን የሞቱትን እየመረመርን እንነጋገር። ሦስተኛ፣ ለባለቤቱ እውነቱን እንንገረው። «መርፌ ወግተነዋል» የሚለው ቃል በአገራችን ሁሉን የሚዘጋ ቃል ሆኗል፤ ሕዝቡም መርፌ ያልወጋ ሐኪም እንዳላከመ ይቆጥረዋል። ይህን እምነት የተከልነው እኛው ነንና የመንቀሉም ሥራ የእኛ ነው።

ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም ከውጭ አገር እርዳታ የሚፈልግ አይደለም። ሰዓቱ ከመርካቶ ይገዛል፤ እርሳሱም አለን።

ለእኒያ ለአጋሮው አባት መልሳችን በዚያን ቀን ጎዶሎ እንደ ነበር ነግረናችኋል። የቡና ለቀማው ካለቀ በኋላ ከመካከላችን ሁለቱ መንደራቸው ድረስ ሄደው ሙሉውን ነገሯቸው፤ መርፌው መዘግየቱንም፣ ስፌቱ በደከመ ሥጋ ላይ ማረፉንም። ቡና አፍልተው፣ እስከ ሦስተኛው አስጠጥተው፣ «ሌላ ቡችላ ይዣለሁ፤ ከታመመ ወደ እናንተ ነው የማመጣው» አሏቸው። ይህን አደራ ተቀብለናል። እናንተም ከእኛ ጋር እንድትቀበሉት ነው ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው።